የሌሊት ሌቦች በጓሮ አትክልት ውስጥ

የጓሮ አትክልት ለአንድ ቤት ምን ያህል እንደሚጠቅም ለአንባቢዎቻችን ማስረዳት ለቀባሪው ማርዳት ይሆናል። ጾም በገባ ጊዜ የገበታው ክብር ጎመኑና ሰላጣው፣ ድንቹና ቀይ ሥሩ ነው፤ እንግዳም በድንገት በመጣ ጊዜ እመቤቲቱ ወደ ገበያ ሳትልክ ከጓሮዋ ቀጥፋ ታስተናግዳለች። ነገር ግን ማታ ደኅና ሆኖ የታየው ችግኝ ጧት ከሥሩ ተቆርጦ ወድቆ ሲገኝ፣ ቅጠሉም እንደ ወንፊት ተበሳስቶ ሲታይ፣ ቤተ ሰቡ ሁሉ ይህን ያደረገ ማን ነው እያለ ይጠያየቃል። አጥፊው በቀን የማይታይ ስለ ሆነ፣ በቀን የሚታየው ሁሉ ይጠረጠራል፤ ዶሮው ይጠረጠራል፣ ወፉ ይጠረጠራል፣ የጎረቤት ልጅ ይጠረጠራል፤ አንዳንድ ጊዜም ምስኪኑ አትክልተኛ ራሱ ይጠረጠራል። እኛም በመስከረም ወር መጨረሻ ወደ ሆለታ ሄደን በአንዲት ሌሊት ያየነውን ለቤተ ሰብ ገጻችን ለመጻፍ ያሰብነው ስለዚህ ነው።

ወደ ሆለታ የጠሩን ከብዙ ዘመን ጀምሮ የምናከብራቸው፣ በዕድሜ የገፉ አንዲት እመቤት ናቸው። የላኩልን ደብዳቤ አጭር ነበረ። «ከተከልሁት 240 የጥቅል ጎመን ችግኝ 71ዱን የጎረቤቴ ዶሮዎች ፈጁብኝ። ብነግራቸውም አልሰሙኝምና፣ ወደ ዳኛ ከመሄዴ በፊት እናንተ መጥታችሁ እዩልኝ» ይላል። ጎረቤታቸው የተባሉት ጡረታ የወጡ ወታደር ናቸው። ይልቁንም ነገሩን ያከበደው፣ እመቤቲቱ የኚህን ሰው ልጅ ክርስትና ያነሡ አበልጃቸው መሆናቸው ነው። በአበልጆች መካከል በጎመን ምክንያት ክስ ሊነሣ ነው ሲባል መስማት ስለ ከበደን፣ ሳንዘገይ ተነሣን።

ከአዲስ አበባ ወደ አምቦ የሚወስደው መንገድ ቡራዩን ካለፈ በኋላ በሜዳና በኮረብታ መካከል ይጓዛል። ዝናቡ ገና መለየቱ ስለ ነበረ፣ ሜዳው ሁሉ በአደይ አበባ ቢጫ ሆኖ፣ ጤፉና ስንዴው ለምልሞ፣ ለዓይን እጅግ ደስ ያሰኝ ነበረ። በስተ ግራ በወጨጫ ተራራ ወገብ ላይ ጠቁሮ የሚታየው የመናገሻ ደን ነው። ከ1426 እስከ 1460 ዓ.ም. የነገሡት ዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ የጽድ ዘር ከወፍ ዋሻ አስመጥተው በዚህ እንዳስተከሉ ይነገራል። ያን ያህል ዘመን ጠባቂ ያላጣውን ደን እየተመለከትን፣ አንድ ሳምንት ሙሉ መቆም ስላቃተው የእመቤቲቱ ጎመን እያሰብን፣ ተክል የሚኖረው በመትከል ብቻ ሳይሆን በመጠበቅም ነው እያልን ተጓዝን።

ሆለታ ከአዲስ አበባ 40 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ፣ ከባሕር ወለል በላይ 2400 ሜትር ያህል ከፍ ብላ የምትገኝ ደጋ ከተማ ናት። ዳግማዊ ምኒልክ ቤተ መንግሥት አሠርተውባት ገነት ተብላም ትጠራ ነበር፤ በ1927 ዓ.ም. በስዊድን መኰንኖች አስተማሪነት የጦር ትምህርት ቤት የተከፈተው በዚሁ በቀድሞው ቤተ መንግሥት ነው። በ1958 ዓ.ም. የእርሻ ምርምር ተቋም በአገራችን ሲመሠረት ደግሞ ሆለታ ከዋና ዋና ጣቢያዎቹ አንዷ ሆነች፤ ስለ ድንች የሚደረገው ምርምር ዋና ቦታው ይህች ከተማ ስትሆን፣ የንብ ምርምር ማዕከልም በዚያ ይገኛል። እንግዲህ ስለ አትክልት ለመማር ከዚህ የተሻለ ቦታ መፈለግ አያሻም። ነገር ግን ገነት የተባለችውም ስፍራ ብትሆን፣ በሥርዋ የሚሳብ ጠላት አላጣችም።

ከቀኑ 9 ሰዓት ገደማ ወደ ቤቱ ደረስን። እመቤቲቱ እንደ አገራችን ሥርዓት ቡና አፍልተው ከተቀበሉን በኋላ፣ ወደ ጓሮው ይዘውን ሄዱ። ጓሮው በቀይ አፈር ላይ የተዘጋጀ፣ በሦስት የተከፈለ ነው፤ በላይኛው ጥቅል ጎመን፣ በመካከሉ ሰላጣና ካሮት፣ በታችኛው ለመቆፈር የደረሰ ድንች አለ። በጎመኑ መደብ ላይ ችግኞቹ ልክ በመላጫ እንደ ተላጩ ከአፈሩ እኩል ተቆርጠው ወድቀዋል፤ የብዙዎቹ ቅጠል ሳይበላ እዚያው ጠውልጓል። በሰላጣው ቅጠል ላይ ቀዳዳ በዝቷል፤ ከቀዳዳውም ወደ ቀዳዳው የሚሄድ፣ በፀሐይ ሲያዩት እንደ ብር የሚያበራ የደረቀ ልጋግ ይታያል። የድንቹ መደብ ደግሞ በሁለት ቦታ ተቆፍሮ፣ የተገመጠ ድንች ተበትኗል።

«እነሆ የአበልጄ ዶሮዎች ሥራ» አሉ እመቤቲቱ። እኛም «እሜቴ፣ ዶሮ ጎመን ቢያገኝ ቅጠሉን ይነጫል እንጂ ግንዱን ቆርጦ ቅጠሉን ትቶ አይሄድም፤ ድንች ቆፍሮ የሚገምጥ ዶሮም አላየንም» አልናቸው። እሳቸው ግን «ጎሕ ሲቀድ ወደ ጓሮዬ ሲገቡ በዓይኔ አይቻለሁ» ብለው ጸኑ። በአጠገባቸው የቆመችው የ10 ዓመት የልጅ ልጃቸው አንድም ቃል ሳትናገር በአጥሩ ቀዳዳ ወደ ጎረቤት ትመለከት ነበረ። የአያትዋ የክርስትና ልጅ የጨዋታ ጓደኛዋ ኖራለች፤ ነገሩ ከተነሣ ጀምሮ ግን ሁለቱ ልጆች እንዳይገናኙ ተከልክለዋል። ትል የቆረጠው ጎመን ብቻ አለመሆኑን በዚህ አወቅን።

ከዚህ የባሰ ደግሞ ሌላ ነገር አየን። እመቤቲቱ ጥፋቱ ስለ በዛባቸው፣ ከገበያ መድኃኒት ነው የተባለ ነጭ ፈሳሽ አስገዝተው፣ በለስላሳ መጠጥ ጠርሙስ እንደ ተቀዳ በወጥ ቤቱ መደርደሪያ ላይ ከዘይቱ ጎን አስቀምጠውታል። በጠርሙሱ ላይ ስሙ አልተጻፈም፤ ለምን እንደሚሆን፣ በምን ያህል ውሃ እንደሚበጠበጥ፣ ከተረጨ በኋላ አትክልቱ በስንት ቀን እንደሚበላ የሚያስታውቅ ወረቀት የለበትም። በማግሥቱ ጧት ጓሮውን ሁሉ ሊያስረጩ አስበው ነበረ። እኛም «አንዲት ሌሊት ብቻ ይስጡን፤ ሌባውን በዓይንዎ ሳያዩ አይክሰሱ፣ አይርጩም» ብለን ለመንናቸው፤ እሺ አሉን።

ጨረቃ ያልወጣችበት ሌሊት ነበረ። ከምሽቱ 2 ሰዓት ተኩል ሲሆን ካባችንን ደርበን፣ የእጅ ባትሪና ሁለት ባዶ ጣሳ ይዘን ወደ ጓሮው ወረድን። መንገድ የምትመራን ልጂቱ ነበረች፤ አትክልተኛውም ዱላ ይዞ ተከተለን። በሰላጣው መደብ ላይ መብራቱን ብናበራ ቅጠሉ ሁሉ የሚንቀሳቀስ መሰለን። ቀፎ የሌላቸው፣ ግራጫና ቡናማ መልክ ያላቸው ቀንድ አውጣዎች፣ ገሚሶቹ ከጣት ጥፍር የማይበልጡ፣ ገሚሶቹ የጣት ርዝመት ያላቸው፣ ቀንዳቸውን ዘርግተው ይበላሉ። የዚህ ፍጥረት ሰውነት አብዛኛው ውሃ ስለ ሆነ ፀሐይ ያደርቀዋል፤ ስለዚህ ቀኑን በድንጋይና በደረቅ ቅጠል ሥር ተሸሽጎ ይውላል፤ ሲመሽና መሬቱ ሲርስ ይወጣል። እያንዳንዱ ወንድም ሴትም በመሆኑ፣ ሁሉም እንቁላል ይጥላሉ፤ እንቁላሉም በአፈር ውስጥ እንደ ትንንሽ ዕንቍ ተከማችቶ ይገኛል። በግማሽ ሰዓት ውስጥ 43 ለቅመን የሳሙና ውሃ ባለበት ጣሳ ውስጥ ጨመርናቸው።

እመቤቲቱን ጓሮው ውሃ የሚጠጣው መቼ ነው ብለን ብንጠይቃቸው፣ ዝናቡ ካቆመ ወዲህ ሁልጊዜ ማታ ማታ እንደ ሆነ ነገሩን። ይህም ሳያውቁት ለሌባው መንገዱን ማርጠብ ነው። ውሃ በማለዳ የጠጣ መደብ እስኪመሽ ድረስ ላዩ ይደርቃል፤ ቀንድ አውጣም በደረቅ መሬት ላይ መሄድ ይቸግረዋል። ይህ አንድ ሳንቲም የማያስወጣ መከላከያ ነው።

ከምሽቱ 4 ሰዓት ሲሆን ወደ ጎመኑ መደብ ተሻገርን። ነፋስ አልነበረም። በድንገት ልጂቱ እጃችንን ይዛ «ያችን እዩዋት» አለች፤ ከችግኞቹ አንዲቱ ብቻዋን ትወዛወዝ ነበረ። ጎንበስ ብለን ብናበራ፣ አመድማ መልክ ያለው፣ ወፍራም፣ ለስላሳ ትል ግንዱን እንደ ቀለበት ታቅፎ ይቆርጣል። ብርሃኑ ሲነካው ወድቆ ተጠቀለለ። ይህ ቆራጭ ትል የሚባለው ነው። ሲያድግ ርዝመቱ 4 ወይም 5 ሳንቲ ሜትር ይደርሳል፤ ቀን ቀን በቆረጠው ችግኝ አጠገብ ጥቂት ከአፈር በታች ተጠቅልሎ ይተኛል፤ ሌሊት ወጥቶ ከአንዱ ችግኝ ወደ ሌላው እየሄደ ይቆርጣል። አንድ ትል በአንድ ሌሊት ብዙ ችግኝ ሊያጠፋ የሚችለው ሙሉውን ሳይበላ እየቆረጠ ስለሚያልፍ ነው።

እመቤቲቱ እስኪጠሩ ድረስ አልነካነውም። መጥተው አዩት። ብዙ ጊዜ ዝም ብለው ከተመለከቱ በኋላ፣ «የጅብ ችኩል ቀንድ ይነክሳል» አሉ። የጅቡን ድምፅ ከወንዙ ማዶ እየሰማን ስለ ነበረ፣ ምሳሌው በቦታው ሆነ። ከዚያ በኋላ በተቆረጡት ችግኞች ሥር ሁሉ አፈሩን በጣት እየጫርን፣ እስከ እኩለ ሌሊት ድረስ 38 ትል አወጣን። እነዚህንም በደረቀው ጣሳ ውስጥ በሕይወታቸው አኖርናቸው፤ ምክንያቱን ኋላ እንነግራለን።

ይህ ትል ከሰማይ አልወረደም። እናቱ ሌሊት የምትበር፣ በመብራት ዙሪያ የምናያት ግራጫ የእሳት እራት ናት። እርስዋም እንቁላልዋን በአረምና በእርጥብ መሬት ላይ ትጥላለች፤ የአንዲቱ እንቁላል በመቶ የሚቈጠር ነው። እንግዲህ ጎመኑ ከመተከሉ በፊት መደቡ አረም ለብሶ የቆየ እንደ ሆነ፣ ትሉ አስቀድሞ ተፈልፍሎ፣ አረሙ በተነቀለ ጊዜ ምግብ አጥቶ ችግኙን ይጠብቃል ማለት ነው። እመቤቲቱም መደቡን አርመው በማግሥቱ መትከላቸውን አልሸሸጉም።

እኩለ ሌሊት ካለፈ በኋላ ትንሽ ልናርፍ ገብተን ሳለን፣ ከሌሊቱ 7 ሰዓት ላይ ውሻው ጮኸ። ወደ ድንቹ መደብ ብንሮጥ፣ የደረቀ ሸንበቆ እርስ በርሱ ሲጋጭ የሚሰማው ዓይነት ድምፅ ሰማን፤ በመብራቱም ውስጥ ጀርባውን ሰጥቶ እሾሁን ያቆመ ትልቅ ጃርት አየን። አትክልተኛው «ጌቶች ተጠንቀቁ፣ ይወረውራል» ብሎ ወደ ኋላ ሸሸ። ጃርት እሾሁን እንደ ቀስት ይወረውራል የሚባለው ግን እውነት አይደለም፤ እሾሁ ከቆዳው ጋራ የላላ ስለ ሆነ፣ ወደ ኋላ ሲገፋ በጠላቱ ገላ ላይ ተሰክቶ ይቀራል እንጂ። ብዙ ውሻ የሚጎዳውም ለመንከስ ሲጠጋው ነው። ጃርቱ በአጥሩ ግርጌ ባለች አንዲት ቀዳዳ ወጥቶ ሄደ። ቀዳዳዋም በጎረቤት በኩል ሳትሆን በወንዙ በኩል ነበረች።

በዚያው ሰዓት ከጽዱ ላይ ጉጉት ጮኸች። አትክልተኛው አማተበ፤ እመቤቲቱም ልጂቱን ወደ ራሳቸው ሳብ አደረጉ። የጉጉት ጩኸት መጥፎ ምልክት ነው የሚለውን ወሬ ሁላችን በልጅነታችን ሰምተነዋል። ነገር ግን ጉጉት የምትኖረው በአይጥ ነው፤ ጫጩቶች ባሉዋት ጊዜ በአንድ ሌሊት ደጋግማ እያደነች ትወስድላቸዋለች። የሌሊት ወፍም የእሳት እራቶችን በአየር ላይ ይለቅማል፤ ጉርጥ ደግሞ ትልና ቀንድ አውጣ ይውጣል። እነዚህ ሦስቱ ደመወዝ ሳይቀበሉ ጓሮአችንን የሚጠብቁ ዘበኞች ናቸው፤ እኛ ግን አንዱን በድንጋይ፣ አንዱን በጭስ፣ አንዱን በዱላ እናሳድዳለን። በመርዝ የሞተ አይጥ የበላች ጉጉት እርስዋም ልትሞት ትችላለች፤ ያን ጊዜ የተረፉት አይጦች ያለ ጠላት ይራባሉ።

ሲነጋ እመቤቲቱ ነጠላቸውን አጣፍተው፣ ልጂቱን አስከትለው፣ ትል ያለበትን ጣሳ በእጃቸው ይዘው ወደ ጎረቤታቸው ደጅ ሄዱ። እኛም ከኋላ ተከተልን። ሽማግሌው ወታደር ወጥተው ቆሙ፤ ለጊዜው ሁለቱም ዝም አሉ። ከዚያም እመቤቲቱ «አበልጄ፣ ከስሼዎት ነበር፤ ሌባው ተይዟል» ብለው ጣሳውን በዶሮዎቹ ፊት ገለበጡት። ዶሮዎቹ ከየአቅጣጫው እየሮጡ መጥተው 38ቱን ትል በአንድ አፍታ ለቀሙት። ወታደሩም ሳቁና «እንግዲያው ጎሕ ሲቀድ ወደ ጓሮዎ የሚገቡት የእርስዎን ጠላት ሊበሉ ኖሯል» አሉ። እንደዚያም ሳይሆን አልቀረም። ሁለቱ ልጆች ግን የታላላቆቹን ንግግር እስኪያልቅ አልጠበቁም፤ እጅ ለእጅ ተያይዘው ሄደው ነበር።

የነጩን ፈሳሽ ነገር በዚያው ቀን ጨረስን። በ1993 ዓ.ም. በስቶክሆልም በተፈረመው የዓለም ስምምነት ዲዲቲና እርሱን የመሰሉ መርዞች ከእርሻ ሥራ ታግደዋል፤ በአገራችንም በ2002 ዓ.ም. የወጣው የፀረ ተባይ ምዝገባና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 674 ያልተመዘገበ መድኃኒት እንዳይሸጥ ደንግጓል። ስም የሌለው ጠርሙስ ግን አዋጁን አያውቅም። በለስላሳ መጠጥ ጠርሙስ የተቀዳ መርዝ የተጠማ ሕፃን የሚጠጣው ነው፤ በአበባ ላይ የተረጨ መርዝ ንቡን ይገድላል፤ ለትል የተረጨው ጎመን ደግሞ ቀኑ ሳይደርስ ወደ ድስት ይገባል። ስለዚህ ጠርሙሱ በመጠጥ ስም እንዳይሳሳት በላዩ «መርዝ» ተብሎ ተጽፎበት፣ ሣጥን ውስጥ ተቈልፎ፣ የእርሻ ባለሙያ መጥቶ እስኪወስደው ድረስ እንዲቆይ ተደረገ። ወደ ወንዝ መድፋት ወይም በጓሮ መቅበር ጥፋቱን ወደ ሌላ ሰው ማዛወር ነውና አልመከርንም።

አሁን በሆለታ የተማርነውንና ከዚያም በፊት የምናውቀውን ብልሃት በተራ እንጽፋለን።

አንደኛ፤ መደቡ ከመተከሉ ሁለት ወይም ሦስት ሳምንት አስቀድሞ ታርሞና ተገልብጦ ለፀሐይ ይሰጥ። በዚህ ጊዜ ዶሮዎች ቢገቡበት ትሉንና ሙሽሬውን ይለቅማሉ፤ ችግኝ ከተተከለ በኋላ ግን ዶሮ ራሱ ይጭራልና ይከልከል። ሁለተኛ፤ ችግኙ ግንዱ እስኪጠና በመደብ ላይ ቆይቶ ይተከል፤ በጣም ቀጭን የሆነው ለትል ይመቸዋል። ሦስተኛ፤ በሚተከልበት ጊዜ የእያንዳንዱ ግንድ ዙሪያ በወፍራም ወረቀት ወይም ክዳኑና ታቹ በወጣለት ጣሳ ይከበብ፤ 3 ሳንቲ ሜትር ያህል ወደ አፈር ይግባ፣ 5 ሳንቲ ሜትር ያህል ከላይ ይቅር። ትሉ ይህን አጥር ዘሎ አያልፍም። አራተኛ፤ ተቆርጦ የተገኘ ችግኝ ካለ፣ በዚያው ጧት በሥሩ አፈሩ ይጫር፤ ትሉ ሩቅ አይሄድምና እዚያው ይገኛል። ሳይቃጠል በቅጠል እንደሚባለው፣ አንዱን ዛሬ መግደል ነገ አሥር ችግኝ ማትረፍ ነው።

ለቀንድ አውጣ፤ ውሃ በማለዳ ይጠጣ፤ ድንጋይና የተከማቸ ቅጠል ከመደቡ አጠገብ ይነሣ። ማታ በመደቡ መካከል የረጠበ ጆንያ ወይም ጣውላ ቢያነጥፉ፣ ሲነጋ ከሥሩ ተሰብስበው ይገኛሉና መልቀም ነው። የጠላ ጭላጭ በትንሽ ጣሳ አድርጎ መቅበርም ይረዳል፤ የመፍላቱ ሽታ ይስባቸውና ገብተው ይሞታሉ። የጣሳው አፍ ግን ከአፈሩ ሁለት ጣት ከፍ ይበል፤ ያለዚያ ሌሎች ተባዮችን የሚበሉ ጥቁር ጢንዚዛዎች አብረው ይገቡበታል። እመቤቲቱ ይህን ሲሰሙ «ጠላዬን ለቀንድ አውጣ አላጠጣም» ብለው አሳቁን፤ ኋላ ግን ጭላጩ ይበቃል ቢባሉ ፈቀዱ። ጨው መነስነስ ግን አይገባም፤ ቀንድ አውጣውን ቢገድልም አፈሩን ያበላሻል። አመድም የሚረዳው ደረቅ እስከ ሆነ ድረስ ብቻ ነውና፣ ከረጠበ ይታደስ።

ለጃርት፤ ዋናው ነገር የአጥሩ ግርጌ ነው። ላዩ ያማረ አጥር ብዙ ነው፤ ሌባው ግን የሚገባው ከታች ነው። በአጥሩ ሥር አንድ ክንድ ያህል ተቆፍሮ ድንጋይ ቢሞላበት ወይም የሽቦ መረብ ቢቀበርበት፣ ጃርት ቆፍሮ ለማለፍ ይቸገራል። ከአጥሩ ውጪ ያለው ቁጥቋጦ ይመንጠር፤ የደረሰውም ድንች ሳይውል ሳያድር ይቆፈር። ጃርቱን በመርዝ እገድላለሁ ማለት የጎረቤትን ውሻ መግደል ነው።

በወይና ደጋና በቆላ ያሉ አንባቢዎቻችን በጓሮአቸው በቆሎ የሚተክሉ እንደ ሆነ፣ ስለ መጤው ተምች ደግሞ ጥቂት እንጨምራለን። ይህ ከአሜሪካ የመጣ ተባይ በ2009 ዓ.ም. በአገራችን ታየ። የእሳት እራትዋ ሌሊት በርራ እንቁላልዋን በቅጠል ላይ ትጥላለች፤ ትሉም ቀን በበቆሎው ለጋ ቅጠል እምብርት ውስጥ ይሸሸጋል። በየጧቱ ለጋውን ገልጦ ማየት፣ እንቁላሉንና ትሉን በእጅ መጨፍለቅ ለትንሽ ጓሮ ከሁሉ የሚበልጥ መድኃኒት ነው። እንዲሁም ከጓሮው አጠገብ ሌሊቱን ሙሉ የሚበራ መብራት ካለ፣ የእሳት እራቶችን ይጠራልና ሲተኙ ማጥፋት መልካም ነው።

ከሆለታ በተመለስን በአንድ ወር ጊዜ ውስጥ እመቤቲቱ ሁለተኛ ደብዳቤ ላኩልን። በጠፉት በ71ዱ ፈንታ 71 ችግኝ ተክለው፣ እያንዳንዱን በወረቀት ከበው፣ የጠፋባቸው 4 ብቻ መሆኑን ጽፈዋል። አበልጃቸው የአጥሩን ግርጌ በድንጋይ ሲሞሉ አግዘዋቸዋል። ጉጉትዋም በጽዱ ላይ አለች፤ አትክልተኛው ግን እስከ ዛሬ ማማተቡን አልተወም። ከደብዳቤው ግርጌ ልጂቱ በራስዋ እጅ፣ ማታ ማታ ከጓደኛዋ ጋራ ባትሪ ይዘው ቀንድ አውጣ እንደሚቆጥሩ ጨምራ ጽፋለች።

እንግዲህ ክቡራን አንባቢዎቻችን፣ በጓሮአችሁ ጥፋት ባያችሁ ጊዜ ከሁሉ አስቀድማችሁ መብራት ይዛችሁ ውጡ። ያላዩትን ሌባ መክሰስ ጎረቤትን ያሳጣል፤ ላላወቁት ጠላት መርዝ መርጨት ወዳጅንም ይገድላል። ለወረቀቱም አትጨነቁ፤ እመቤቲቱ ችግኞቻቸውን የከበቡት ይህን ጋዜጣ አንብበው ከጨረሱ በኋላ እየቀደዱ ነው፤ እኛም በዚህ አላዘንንም። ጽሑፋችን በጠረጴዛ ላይ ከሚያረጅ፣ አንዲት ጎመን ጠብቆ ቢበሰብስ ደስ ይለናል።